አውድማ ላይ ነገ የለም

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ፀጉሬን እየታጠብኩ፣ ዓይኔ ውስጥ ሳሙና ገብቶ እየተነጫነጭኩ ሳለ እማዬ ሮጣ መጥታ ጎኔን ጎሰመችኝ።

«አንች ስርጉት! ሽማግሌ መጥቷል!»

«የማን ሽማግሌ?»

«እኔ ምን አውቄ! ወጥተሽ እንዳትታዪ ብቻ!»

እንዳትታይ ተባለ እንጂ እንዳታይ አልተባለም። ፎጣዬን ጠምጥሜ መጋረጃውን በትንሹ ገለጥ አደረግሁ። ሦስት ጋቢ የለበሱ ሰዎች ግቢያችን መሀል ቆመዋል። መሀል የቆሙትን ሳይ ልቤ ቀጥ አለ። ያንን ሰፊ ግንባር የትም ባየው አልስተውም፤ ልጃቸው ላይ ስመለከተው የኖርኩት ግንባር ነው። አያ አያሌው ናቸው፣ የይሻው አባት።

እስቲ ፍረዱኝ። ይሻውን ስጠብቅ ስንት ዘመኔ! ይሻው ከጋፋት በታች ካለው መንደር የወጣ የገበሬ ልጅ ነው፤ አሁን እዚሁ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። እኔ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ፣ ፊደል አስቆጥራለሁ። አባቴ ጋሽ ካሳሁን ደግሞ እህል ነጋዴ ነው፤ ገበያው ውስጥ ስሙን የማያውቅ የለም። እንዋደዳለን፤ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ችግሩ «ቆይ» የምትለው ቃሉ ናት። መጀመሪያ ማስተርሱን ልጨርስ አለ። ማስተርሱ ሲያልቅ የቤት መሥሪያ ቦታ ላግኝ አለ። ቦታው ሲገኝ ዶክትሬቱ መጣ። «አባትሽ ፊት ባዶ እጄን አልቆምም» ነው መልሱ። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ምሳ ስንበላ እንኳ ዓይኑ እኔን አልፎ ግድግዳውን ያያል። ግድግዳው ላይ ምን እንደተጻፈ የሚያነበው እሱ ብቻ ነው።

እና አሁን፣ ከነሳሙናዬ፣ ሽማግሌ ላከ!

«ኧረ አረፍ በሉ፣ ቁጭ በሉ» አለ አባዬ።

«መቀመጡስ ይደርሳል። የመጣንበት ሳይሰማ ጉልበታችን አይታጠፍም» አሉ ከአያ አያሌው ጎን የቆሙት ቄስ እሸቴ፣ የመንደራቸው ካህን።

«እንግዲያው ይሰማ።»

«ልጅዎን ስርጉትን ለልጃችን ለይሻው ብለን መጥተናል። ከቤትዎ ዘመድ ልንሆን ነው።»

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ያንን ጉሮሮ አውቀዋለሁ፤ ዋጋ ሊከራከር ሲል ነው። «ልጁ ምን አለው?» ሲል መጋረጃውን ጨምድጄ ያዝኩት።

አያ አያሌው ዱላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ጤና አለው። ሥራ አለው። እናትና አባት አለው። ልጅዎን ይወዳል፤ ይኼንን እንኳ እኔ ገበሬው አውቄዋለሁ። ሌላ ምን ይጨመርለት?»

አባዬ ሦስቱንም ተራ በተራ አያቸው። ከዚያ ሳይታሰብ ሳቀ። አባዬ የሚከርረው ገበያ ላይ ነው እንጂ ልቡ ገር ነው። «ተቀመጡ እንግዲህ» አላቸው። ሽማግሌ ተቀመጠ ማለት ነገሩ ተጋመሰ ማለት ነው። ዘመድ ጠይቆ መልስ እንዲሰጥ ቀጠሮው ለመጪው እሑድ ሆነ፤ ልጁም ራሱ አብሮ እንዲመጣ።

እልል ማለት አልችልም፤ ሙሽራ ለራሷ እልል አትልም። ፎጣውን አፌ ላይ ጎስጉሼ ጓዳ ውስጥ ዘለልኩ። እማዬ «እብድ!» እያለች አብራኝ ዘለለች። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

* * *

ይሻው አዲስ አበባ ነበር፤ ለአንድ የውጭ ትምህርት ዕድል ቃለ መጠይቅ ተጠርቶ። ፀጉሬ ሳይደርቅ ደወልኩለት።

«ይሻው! እንኳን ደስ ያለን!»

«ውይ የኔ ዓለም! ማን ነገረሽ? እኔ ራሴ አሁን ገና መስማቴ ነው!»

«አገር ሰምቷል እንኳን እኔ! አባዬ ራሱ ደስ ብሎታል!»

«አባትሽም? አየሽ! ብዬሽ አልነበር? አንድ ቀን ቀና ብዬ እቆማለሁ አላልሁሽም?»

«ቆምህ እንጂ! እማዬማ ለጥር ካልሆነ እያለች ነው።»

«ጥር? አይ፣ መነሻዬ እንኳ የካቲት ነው።»

«የምን መነሻ?»

«የኖርዌዩ ነዋ። አለፍሁ እኮ ስርጉት! አራት ዓመት፣ ሙሉ ወጪው ተችሎ። አንችስ ስለምን ነው የምታወሪ?»

«ስለ ሽማግሌው።»

«የምን ሽማግሌ?»

ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት፣ ሌላ ሰው ጋ የደወልኩ ይመስል። ከዚያ ቀስ ብዬ ነገርኩት። አባቱ መምጣታቸውን፣ ቄስ እሸቴን፣ የእሑዱን ቀጠሮ።

«ስርጉት… እኔ እኮ ማንንም አልላክሁም።»

«ሰማሁ።»

«አሁን እንዴት ይሆናል? ምን ይዤ? አራት ዓመት ብቻ ታገሽኝ። ዶክተር ይሻው ሆኜ ስመለስ፣ ያን ጊዜ አባትሽ ቤት…»

ዘጋሁበት። ዶክተር ይሻው የሚባል ሰው አላውቅም፤ አይቼውም አላውቅ። እኔ የማውቀው በተከታታይ የሚያስነጥሰውን፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋውን፣ ሽሮ ሲበላ ጣቱን የሚያቃጥለውን ይሻውን ነው። አልጋዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እፍረት እንደዚያ ፊት የሚያቃጥል ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

* * *

የሳምንቱን ነገር ተዉት። እማዬ ማሽላውን ለጠላ አስለቅማለች። ጎረቤት ሁሉ በር ላይ እየጠበቀ «እሰይ ስርጉቴ!» ይለኛል። ተማሪዎቼ ሳይቀሩ «ቲቸር፣ ልታገቢ ነው አሉ?» አሉኝ። «ፊደላችሁን ቁጠሩ!» ብዬ ጮኽኩባቸው፤ ጮኼባቸው ስለማላውቅ ደንግጠው አዩኝ። ይሻው ይደውላል፣ አላነሣም። ለአባዬ «ልጁ አያውቅም ነበር» ብዬ እንዴት እናገራለሁ? ይሻውን ግቢያችን ዳግመኛ አያስረግጠውም፤ እዚያ ላይ ነገሩ ያልቃል። ካሳዘነኝ ሁሉ የከፋው ይኼ ነው፤ ተናድጄበትም እንዳላጣው እፈራለሁ።

ሐሙስ የጠዋት ፈረቃዬን እንደጨረስኩ ባጃጅ ያዝኩና ወደ ጋፋት ወረድኩ። ከዚያ በእግሬ። ሽማግሌ ልከው መልስ የሚጠብቁ ሰዎች ቤት ሙሽራዋ ራሷ ስትሄድ በአገራችን ታይቶ አይታወቅም። ይታይ አልኩ። ንዴት ካለሽ መንገዱ ቅርብ ነው።

እነ አያ አያሌው ደቦ ጠርተው ገብስ እየወቁ ነበር። በሬዎቹ አውድማው ላይ ይዞራሉ፣ ወንዶቹ መንሽ ይዘው ገለባውን ያገላብጣሉ። የይሻው እናት እትዬ ፈንታነሽ ከሩቅ አዩኝና እንስራቸውን አስቀምጠው አማተቡ።

«በስመ አብ! ምነው ልጄ! ሽማግሌው መልስ ሳያገኝ ሙሽራዋ መጣች?»

ደቦው በሳቅ ወደቀ። እኔ ግን እጅ ነሥቼ አያ አያሌውን ከአውድማው ዳር፣ ክምሩ ሥር ጠራኋቸው።

«አያ አያሌው፣ ይሻው አልላክሁም ይላል።»

«አልላከኝማ!» አሉ፣ ምንም ሳያፍሩ።

«ታዲያ ማን ላከዎት?»

«እኔው ነኛ። አባቱ አይደለሁ? አባቴ ፈንታነሽን ሲጠይቁልኝ እኔ የት ነበርሁ? እርሻ። ማታ ስገባ ሚስት ታጭታልሃለች አሉኝ፤ እሰይ አልሁ።»

«እትዬ ፈንታነሽስ እሰይ ብለው ነበር?»

«ሳምንት ሙሉ ነው ያለቀስሁ!» አሉ እትዬ ፈንታነሽ ከኋላዬ። ለካ ተከትለውናል። «ኋላ አየሁትና ተውሁት እንጂ።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ያዝኩት። «እሱን አልጠየቁት። እኔን አልጠየቁኝ። አገር ሰማ። እሑድ እሱ እምቢ ቢል የምዋረደው እኔ ነኝ፣ አንቱ አይደሉም! ባል በገመድ እየተጎተተ እንዲመጣልኝ አልፈልግም፣ በሬ ነው?»

አያ አያሌው ኮፍያቸውን አወለቁ። ሲያወልቁት ፀጉራቸው ሽበት ብቻ ሆነ። «አጠፋሁ ልጄ» አሉ። «አጠፋሁ። ልጄን እያየሁት ነው የቸገረኝ። ቤት ሲመጣ እንኳ ሳይቀመጥ ይሄዳል። ፊቱ የሚፈታው ያንችን ስም ሲያነሣ ብቻ ነው። ያ ፊቱ ቤቴ ገብቶ ባየው ብዬ ነው።»

ንዴቴ ግማሹ እዚያው ቀለጠ። ግማሹን ለልጃቸው አስቀመጥኩት።

ብዙም አልቆየ። ዳገቱ ላይ አንድ ሰው ቦርሳውን ጀርባው ላይ እያላጋ ሲሮጥ አየሁ። ይሻው ነው፤ ኮቱ በአቧራ ነጥቷል። ከመናኸሪያ በቀጥታ ቤታችን ሄዶ፣ እማዬ ትምህርት ቤት ልካው፣ ትምህርት ቤቱ የባጃጁን ልጅ ጠቁሞት፣ እንዲህ እንዲህ ብሎ ደርሶብኛል። እኔ እሱን እንዳላየሁ ወደ በሬዎቹ ዞርኩ፣ ጫማዬን አወለቅኩና አውድማው መሀል ገብቼ ቆምኩ። ይከተለኛል ብዬ ነው። ተከተለኝ፤ ከነጫማው።

«ጫማ! ጫማህን!» ደቦው በአንድ አፍ ጮኸ።

አውድማ በጫማ አይረገጥም፤ ነውር ነው። ይሻው በአንድ እግሩ እየዘለለ አንዱን አወለቀ፣ ሊወድቅ ሲል የበሬ ቀንድ ያዘ፣ ሌላውን አወለቀ። ትንፋሽ አጥሮታል።

«ስርጉት፣ ስሚኝ። ነገ አባትሽ ጋ ሄጄ አስረዳለሁ። አራት ዓመት እኮ ቶሎ ነው የሚያልፍ፣ ስመለስ ቤቱንም…»

«ዝም በል!» አሉ ከደቦው መሀል ቄስ እሸቴ፣ መንሻቸውን መሬት ላይ ተክለው። «አውድማ ላይ ቆመህ ያልመጣ ታወራለህ? ከተማ አስረሳህ?»

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በነይሻው መንደር አውድማ ላይ ያልገባ ነገር አይወራም። ስንት ኩንታል ይሆን አይባልም፤ ስሸጠው ይኼን እገዛለሁ አይባልም። በረከቱ ይሸሻል ይላሉ። እህሉ ተጠርጎ እስኪገባ ድረስ ፊት ለፊት ስላለው ብቻ ነው ወሬው። ይሻው ከልጅነቱ ያደገበት ነገር ነው፤ አንገቱን ደፋ።

«ነይ ወጥተን እናውራ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አልወጣም። የምትለኝ ካለ እዚሁ በለኝ።»

«እዚህ ምን እላለሁ? የማስበው ሁሉ…»

«የሚመጣ ነው። አውቃለሁ። ስላለው ንገረኝ።»

በሬዎቹ ቆመዋል፤ የሚነዳቸው ሰው እኛን ያያል። መቼም ይሻው ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ሳያደናቅፈው የሚናገር ሰው ነው። ያን ቀን ቃል አጣ። መሬት መሬቱን እያየ፣ «ፈርቻለሁ» አለ።

«ማንን?»

«አባትሽን። ሰዉን። የገበሬው ልጅ ምን ይዞ ገባ እንዳይሉኝ። አንችም አንድ ቀን…»

«አንድ ቀን አይወራም!» አለ ደቦው።

ይሻው ሳይወድ ፈገግ አለ። እኔ ግን አለቀስኩ። እንባዬ ሳላዘው መጣ፤ ሰው ያየኛልም አላልኩ።

«አሁን እኔ ልናገር» አልኩት። «እኔ ደስ ብሎኝ የምኖር ሰው ነኝ፣ ይሻው። ልጆቼ ሀ ብለው አፋቸውን ሲከፍቱ ደስ ይለኛል። ቅዳሜ ካንተ ጋር ስበላ ደስ ይለኛል። ቤት የለኝም፣ መኪና የለኝም፣ ጎደለኝ ብዬ አላውቅም። የጎደልከኝ አንተ ነህ። አጠገቤ ተቀምጠህ ነው የጠፋህብኝ። ትምህርትህን አልጠላም፤ ተማር፣ ባሕር ተሻገር፣ እሰየው። ግን ለዚያ ለሚመጣው ሰውዬ ብለህ ይኼኛውን አትንሣኝ። እኔ የምወደው ይኼኛውን ነው፣ ካልሲው የተቀደደውን!»

ሁሉም እግሩን አየ። አውራ ጣቱ ከካልሲው ወጥታ ገለባው ላይ ቁጭ ብላለች። እትዬ ፈንታነሽ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ፤ እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ አላወቅኩም። ይሻው እግሩን አየ፣ እኔን አየኝ፣ እንደገና እግሩን አየ። ከዚያ ሳቀ። ዓይኑ እስኪጠፋ ሳቀ። እኔም ከነእንባዬ ሳቅኩ፤ ከሳምንቱ ሁሉ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ፀሐይዋ ዘቅዘቅ እያለች ነው!» አሉ ቄስ እሸቴ። «ፍቅራችሁ ይደርሳል፣ ገብሱ አይደርስም። መንሽ ስጡት!»

ኮቱን ጣለ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ መንሹን ተቀበለ። እኔንም እትዬ ፈንታነሽ ጎትተው ገለባ ጠራጊ አደረጉኝ። እንዲህ ሆኖ ስንሠራ ዋልን። ነፋሱ ሲነሣ ገብሱ ወደዚህ ይወድቃል፣ ገለባው ወደዚያ ይበራል፤ ይሻው ላብ በላብ ሆኖ፣ ቅንድቡ ላይ ገለባ ተለጥፎ፣ የደቦውን ዘፈን ሲቀበል ሰማሁት። ድምፁ አያምርም። ቀና ባልኩ ቁጥር ያየኛል፤ እኔን አልፎ ግን አያይም። ዓይናችን በተጋጠመ ቁጥር ያስነጥሰዋል፣ ገለባው ነው መሰለኝ። «ይማርህ!» እለዋለሁ፣ «ያኑርሽ!» ይለኛል። ሌላ ምንም አልተባባልንም። ለእኔ ግን ከዚያ በፊት የተባባልነው ሁሉ ከዚያ አልበለጠም።

አያ አያሌው አንዴ መንሻቸውን ተደግፈው ልጃቸውን ሲያዩ አየኋቸው። ሥራውን ረስተውት ነበር። አላስቸኮላቸውም ማንም።

* * *

ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ስትወርድ የመጨረሻው ጆንያ ተሰፋ። ጾም ነውና ሽሮና ንፍሮ ቀረበ፣ ጠላው ተቀዳ። ደቦው ገለባው ላይ ተቀመጠ። ይሻው መጥቶ አጠገቤ ዘጭ አለና አንድ ጭብጥ ንፍሮ አፉ ውስጥ ጨመረ።

«እህሉ ገባ» አለኝ እያኘከ። «አሁን ማውራት ይቻላል።»

ያ «ቆይ» ሊመጣ ነው ብዬ ፈራሁ። «በል አውራ» አልኩት፣ ሳላየው።

«የኖርዌይ ሰዎቹ ነገ መልስ ስጠን ብለውኛል። ሚስት አለችኝ እላቸዋለሁ። በየካቲት አልመጣም፤ ለመስከረም ከሷ ጋር ከሆነ እመጣለሁ እላለሁ።»

«እምቢ ቢሉህስ?»

«እሺ ካሉ እሰየው። እምቢ ካሉም እሰየው።» ሁለተኛ ጭብጥ ጨመረ። ፊቱን መረመርኩት፣ የተከፋ ነገር ካለ ብዬ። አልነበረም። ደክሞታል፣ ርቦታል፣ ደስ ብሎታል። «ዛሬ ከሰዓት ስለ ምንም አላሰብሁም፣ ታውቂያለሽ? መቼ እንዲህ ሆኜ እንደማውቅ ትዝ አይለኝም። አንችን ሳይሽ ዋልሁ። ይኼንን ሁሉ ጊዜ የት ነበርሁ?»

«ግድግዳ እያነበብክ ነበር።»

«ምን?»

«ተወው። ብላ።»

አልበላም። ንፍሮውን አስቀመጠና ወደ እኔ ዞረ። ደቦው እንደማይሰማ ሆኖ ነው የሚሰማው። «አባቴ ሳይጠይቁሽ ሽማግሌ ላኩ። እኔ ደግሞ ስንት ዘመን ልጠይቅሽ ሳልደፍር ቀረሁ። አሁን ልጠይቅሽ። እሑድ ከነሱ ጋር እመጣለሁ፣ ባዶ እጄን። አባትሽ ፊት እቆማለሁ። ታገቢኛለሽ?»

እንደ ሌሎቹ ሴቶች ትንሽ ዝም ብል፣ ትንሽ ባስለምን ምን ነበረበት? ቀድሜ ያሰብኩት እንደዚያ ነበር። አልሆነልኝም። «አዎ!» ብዬ ጮኽኩ፣ በሬዎቹ ሳይቀሩ ቀና አሉ። እትዬ ፈንታነሽ እልልታቸውን አቀለጡት። ቄስ እሸቴ «ከጥምቀት በኋላ!» ብለው ቀን ቆረጡልን፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። አያ አያሌው ግን ጠላቸውን ይዘው ወደ እኛ መጡ፤ ጽዋውን ለእኔ ሰጡኝና ግንባሬን ሳሙኝ።

ያኔ መነሣት ነበረብኝ። ሊመሽ ነው፣ ባጃጁ ይጠፋል፣ እማዬ የት ገባሽ ብላ ትገድለኛለች። ለአባዬ የምነግረው ነገር አለ፣ ነገ የማርመው ደብተር አለ፣ ኖርዌይ የሚባል አገር አለ፣ ከመስከረም በኋላ ብርዱ እንዴት ይሆን የሚል ነገር አለ። ይኼ ሁሉ አለ። ይሻው እጄን ያዘኝ። እጁ ሻክሯል፣ ገብስ ገብስ ይሸታል። እናቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ እንዳዩ ሆኑልን። ትከሻው ላይ ጋደም አልኩና ቀሪውን ንፍሮ በላሁት። ጣፈጠኝ።